በዝርዝሩ ላይ የለም

ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ባለፈው ሐምሌ ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለ ካፌ «የሸክላ ጀርባ» ያልኩትን ምሽት አዘጋጅቼ ነበር። በሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥተው የከረሙ፣ ስማቸውን ሁላችንም የምናውቃቸው የውጭ ዘፋኞችና ባንዶች አሉ፤ ማንም ልብ ሳይላቸው የቀሩትን ዘፈኖቻቸውን ቁጭ ብለን እንስማ ነው ነገሩ። ትንሿ ሸክላ ፊቷ ላይ እንዲሸጥ የታሰበው ዘፈን፣ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ገልብጦ የማይሰማው ሌላ ዘፈን አለ፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው።

ዕቃው አላስቸገረኝም። ማጫወቻውን ከአጎቴ ተዋስኩ፣ መርፌው ደንዝዞ ስለነበር ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አዲስ አስመጣሁ፣ ገመድ ከመርካቶ፣ ስፒከር ሠርግ ላይ ዲጄ ከሚሠራ ጎረቤቴ። ከ12ቱ ዘፈኖች በሸክላ ያገኘሁት 4ቱን ብቻ ነው፤ ሌላው ፍላሽ ላይ ነበር። ማንም ቅር አላለውም።

ምርጫው ግን ደስ ይል ነበር። የእንግሊዙ ባንድ ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1975 «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ሲያወጡ ጀርባው ላይ የተቀመጠው ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ስለ መኪና ፍቅር ጽፎ ራሱ የዘፈነው ነው። ሸክላው በተሸጠ ቁጥር የጀርባው ደራሲ ከፊተኛው እኩል ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ማንም ሳይሰማለት ጥሩ ገንዘብ ያገኘ ሰው ነው። ፍሊትውድ ማክ የተባለው ባንድ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ደግሞ አሳዛኝ ነው። የባንዱ ዘፋኝ ስቲቪ ኒክስ ጽፋ ዘፍናው፣ ረዘመ ተብሎ «ሩመርስ» ከተባለው አልበም ወጣና የትንሿ ሸክላ ጀርባ ላይ ተጣለ። ሰው ልብ ያለው ከ20 ዓመት በኋላ በ1997 መድረክ ላይ ስትዘፍነው ነው። የስዊድኑ ባንድ አባዎች (ABBA) እንግሊዝ አገር 9 ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል፤ በ1982 ያወጡት «ዘ ዴይ ቢፎር ዩ ኬም» ግን የጀርባ ሳይሆን የፊት ዘፈን ሆኖ እንኳ 32ኛ ላይ ቀረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሠሯቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

የካፌው ባለቤት «ፈቃድ ካላመጣህ ጣጣ ውስጥ አታስገባኝ» አሉ። እኔም ሞኙ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን፦ ግለሰብ አይጠይቅም፣ ራስጌ ያለው ደብዳቤ አምጣ። የጓደኛዬን ፎቶ ቤት ራስጌ ለምኜ ጻፍኩ። ሁለተኛው ቀን፦ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጡኝ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ቀን፦ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። አራተኛው ቀን ደብዳቤዬ ወደ ባለሙያ ተመርቷል ተባልኩ፤ ባለሙያው የዘፈኖቹን ዝርዝር፣ ከዚያም ግጥማቸውን ወደ አማርኛ ተርጉሜ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ 12 ዘፈን ተረጎምኩ። የመኪናውን ዘፈን በአማርኛ ስታነቡት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳይቀይሩ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ካልታወቁ ለምን ታሰማለህ?» አሉኝ።

እስካሁን ድረስ ሌሊት እየነቃሁ ለዚህ ጥያቄ መልስ እፈልጋለሁ። ያን ዕለት የመለስኩት የግሎሪያ ጌይነርን ታሪክ ነበር፤ «አይ ዊል ሰርቫይቭ» በ1978 ሲወጣ የሌላ ዘፈን ጀርባ ነበር፣ ዲጄዎች ገልብጠው ባያጫውቱት ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቀውም አልኳቸው። «እሱን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ዘፈን ነው። እሱን ጨምረው» አሉ። ቀጥለውም ሕዝብ የሚያውቃቸው ዘፈኖች እንዲካተቱ፣ ያለዚያ ለኃላፊው እንደማያቀርቡት ነገሩኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው። ወረቀቴን ይዤ መውጣት ስችል እሺ አልኩ። ለእያንዳንዱ ያልታወቀ ዘፈን ታዋቂውን አጣምሬ ጻፍኩ፤ ሦስት ገጽ ሆነ፣ በየገጹ ማኅተምና ቲተር ተመታበት። እንደ ዲፕሎማ በፕላስቲክ አድርጌ ያዝኩት።

ምሽቱ ምን እንደሆነ ትገምታላችሁ። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ሲጀምር 30 ሰው ቆሞ አብሮ ዘፈነ፣ ስልክ ወጣ፣ ተቀረጸ። ስገለብጠው ሁሉም ወንበሩ ላይ ተመልሶ «አንድ ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ» ማለት ጀመረ። ሲልቨር ስፕሪንግስ የተዘፈነው በሲኒ ኳኳታና በኮሪደር ልማት ወሬ መሃል ነው። አባዎቹ ላይ ደግሞ አንዱ ጮክ ብሎ «ዳንሲንግ ኩዊንን ድገምልን!» አለኝ። ደገምኩለት።

የተሰማው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በስህተት። የቢትልስን የ1966 ሸክላ ሳስቀምጥ ተሳስቼ በጀርባው አኖርኩት፤ «ሬይን» ጀመረ። ማንም ታዋቂውን ገና ስላልሰማ ዝም ብሎ አዳመጠ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። መጨረሻው ላይ ድምፁ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይሄዳል፣ አንዷ ልጅ «ተበላሸ እንዴ?» ብላ ተነሳች፤ ከሁሉም የወደድኩት ደቂቃ እሱ ነበር። ስለዚህ ብትሞክሩት ታዋቂውን ፈጽሞ አታስቀድሙ። እንዲያውም ጭራሽ አታምጡት። ለ30 ሰው የቡና ምሽትም ደብዳቤ አትጻፉ፤ መመሪያው ምን እንደሚል ከማንም በላይ አንብቤዋለሁ፣ ይህን የምለውም አንብቤው ነው። የካፌውን ባለቤት አሳምኑ፣ ድምፁን ቀንሱ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ዝጉ።

ወደ ማለቂያው አንድ ሽማግሌ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ሸክላ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን በጀርባዋ በኩል አሰማኝ እስኪ» አሉ። ገለጥ ሳደርገው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ነው፤ ማይክል ጃክሰንና ላዮነል ሪቺ ጽፈውት፣ በ77ቱ ድርቅ ስንት የአሜሪካ ዘፋኝ ተሰብስቦ ለእኛ የዘፈነው። በሩን አየሁ። ከቢሮው ሰው ሊመጣ ይችላል ተብሎ ስለነበር ያ ባለማኅተም ወረቀት እጄ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ በዝርዝሩ ላይ የለም» አልኳቸው።

«ዝርዝር አለው እንዴ?» አሉና መልሰው ጠቀለሉት። ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ከቢሮው የመጣ ሰው አልነበረም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጀርባው ምን እንደሆነ ፈለግኩ። የኩዊንሲ ጆንስ «ግሬስ» ነው፤ ለ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ፣ ለጂምናስቲክ የተሠራ ሙዚቃ። ኢትዮጵያ ከሶቭየት ወገን ጋር ሆና የቀረችበት ኦሎምፒክ! ለረሃባችን በተዘፈነው ሸክላ ጀርባ ላይ እኛ ያልሄድንበት ውድድር ዜማ 40 ዓመት ተቀምጧል፤ በእጄ ይዤው ነበር፤ መለስኩት።

ሦስት ሳምንት ካፌው ስመላለስ ቆይቼ አንድ ማለዳ አገኘኋቸው። ይቅርታ ስጠይቅ ሳቁ። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፤ በደህናው ጊዜም ቤት ውስጥ ሁሉም የፊቱን ድገሙልን ስለሚል ጀርባውን አንድ ቀን እንኳ እንዳልሰሙት ነገሩኝ። ቤታቸው ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ነው። ቅዳሜ ማጫወቻውን ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ለማንም ደብዳቤ አልጻፍኩም።