ዳይሱን እንዴት ፊልም ያደርጉታል?

ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጠምን። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ማለትም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የጀብደኛ ገጸ ባሕርይ እየተጫወትን የሚሳካልንን በዳይስ የምንወስንበት ጨዋታ፣ እንደገና ፊልም ቢሠራለት ምን እንጠብቃለን? ጨዋታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የ2000ው ፊልም ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድራጎን አበዛ እንጂ የጨዋታውን ለዛ አላገኘውም። የ2023ቱ ይሻላል፤ ቢያንስ የጀግኖቹ ዕቅድ ሲበላሽ ያስቃል፣ እኛም ስንጫወት እንዲሁ ነን። እኔ የምፈልገው ያንን ነው፦ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ ከሁሉ የከፋው ቁጥር፣ 1፣ ሲወጣ፣ ጀግና ነኝ ያለው ሰውዬ አንዲት በር መክፈት አቅቶት ሁላችንም የምንንጫጫባትን ቅጽበት። ጓደኛዬ ደግሞ ጭንቀቱ ሁሉ በፊልሙ ላይ የሚታየው ቤተ መንግሥት ነው። ፋሲል ግንብ ሥር ላደገ ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ግንብ በቀላሉ አይዋጥለትም፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ጨዋታውን ሰምታው የማታውቀው እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ካልሳቀች ፊልም ብዬ አልቆጥረውም።