ሙሽሮቹ አዳራሽ ሳይገቡ ባትሪው አለቀ

እናቴ የምትኖረው መንዝ ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ፣ መብራት ያልገባበት ሰፈር። እኔ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። እህቴ አሜሪካ አግብታ የሰርጓን ዲቪዲ ልካልኝ ነበር። ስልክ ላይ ገልብጬ ለእማዬ ላሳያት ሞከርኩ። ስልኩን ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው። «ይሄ ሰው ነው ጉንዳን?» አለችኝ። አይኗ ደክሟል።

ፖርታብል ዲቪዲ ማጫወቻ ልገዛላት የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ስክሪን አለው፣ ባትሪ አለው፣ ነገሩ አለቀ ብዬ አሰብኩ። አላለቀም።

መርካቶ ሄድኩ። ሻጩ አንዱን ከካርቶኑ አወጣና ከፈተልኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ስሪዲ» ተብሎ ተጽፏል። ስሪዲ የሚባል ነገር የለውም፤ ተራ ስክሪን ነው። «ባለ 10 ኢንች ነው፣ ባትሪው አምስት ሰዓት ይይዛል» አለኝ። የራሱን ዲስክ ከተተ፤ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ከፍዬ ወጣሁ።

እዚህች ጋ ቆም ልበል፤ ብዙው ስህተቴ የተሠራው በዚያች አስር ደቂቃ ውስጥ ነው። ነጋዴ የሚያስሞክርበት ዲስክ ሁሌም አዲስ ነው። ጭረት የለው፣ አቧራ የለው። እናቴ ቤት የሚጫወተው ግን ከእጅ ወደ እጅ የዞረ የመዝሙር ቪሲዲ ነው። ይዤ መሄድ የነበረብኝ የራሴን ዲስኮች ነበር፦ የእህቴን ሰርግ፣ አንድ አሮጌ ቪሲዲ፣ እና ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ የባሰ የተቦጫጨረውን። ያ የመጨረሻው ሳይቆራረጥ አስር ደቂቃ ከሄደ ዕቃው ደህና ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ዕቃ ልመልስ ብሎ መመለስ አንድ ቀንና የትራንስፖርት ብር ያስበላል። ሻጩ ፊት አንድ ሰዓት መቆም ይሻላል፤ ፊቱን ቢያጠቁርም።

ስክሪኑን ቤት ገብቼ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። የሚለካው ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ነው፤ ያውም የሚበራው መስታወት ብቻ እንጂ ጥቁሩ ፍሬም አይቆጠርም። 23 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የእኔ ዕቃ ባለ 9 ነው። ለእናቴ አይን እሱም አያንስም፤ ግን የአስሩን ከፍያለሁ።

ከኢንቹ በላይ የሚያሳስበው የምስሉ ጥራት ነው። ይሄ የሚለካው ስክሪኑ ላይ በአግድምና በቁመት ባሉት የምስል ነጥቦች ብዛት ነው። ርካሾቹ ላይ 480 በ234 የሚል ይገኛል፤ ሻል ያሉት 800 በ480 ናቸው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ሲከተል የኖረው ፓል የሚባለውን የምስል ደረጃ ነው፤ በፓል የተሠራ ዲቪዲ ምስሉ 720 በ576 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ስክሪን ዲስኩ ላይ ካለው ምስል አብዛኛውን ሳያሳይ ይጥለዋል። ሻጩ ቁጥሩን ላያውቀው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ከስር የሚያልፍበት ነገር ክፈቱ። «ለ» እና «ሰ» ከተምታቱባችሁ ተዉት።

ወደ ጉዞው ልምጣ። ታኅሣሥ ነበር፤ ደብረ ብርሃን በውርጭ የምትነጣበት ወር። ከከተማው በአይሱዙ ጋቢና ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ዋናው ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ የእኛው በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። ዕቃውን ከሻንጣዬ ጋር ከኋላ ጭነት ላይ ጫንኩት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጅልነት ሠራሁ። ባትሪው ይሙላ ብዬ አብሮት የመጣውን የመኪና ቻርጀር የሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ረዳቱ መንጭቆ ነቀለው። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሃያ አራት ነው!» አለኝ።

ለካ የቤት መኪናና ሚኒባስ ባለ 12 ቮልት ናቸው፤ አይሱዙና ትልልቅ አውቶቡሶች ግን 24። የእኔ ቻርጀር ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 12 ቮልት ብቻ ይላል። እግዜር ይስጠውና ቻርጀሩ ተቃጥሎ ዕቃውን አተረፈልኝ። አሁን ያለኝ ከ12 እስከ 24 የሚል ነው።

ቤት ስንደርስ መሽቷል። ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እሳት ይነዳል፣ ቡና ተጥዷል፣ የድንጋዩ ቤት በእንፋሎትና በጭስ ሞቆ ጠብቆናል። ዕቃውን ከብርዱ እንዳወጣሁት በርጩማ ላይ አስቀምጬ ዲስኩን ከተትኩ። ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። «ኖ ዲስክ» አለ። አወጣሁ፣ አበስኩ፣ መለስኩ። «ኖ ዲስክ»።

አጎቴ ጠጋ ብለው አዩትና «ተቀይሟል፤ ተወው ትንሽ ይረፍ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሰውዬው ግን ልክ ነበሩ። የቀዘቀዘ ዕቃ እንፋሎት ያለበት ሞቃት ቤት ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ መነጽር ያደረገ ሰው ከብርድ ቤት ሲገባ እንደሚደበዝዝበት ማለት ነው። ዲስኩን የሚያነበው የሌዘሩ ሌንስም እንደዚያው ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ማጥፋትና መጠበቅ ነው። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ጠበቅን፤ ሁለተኛው ቡና ተጠጣ። ከዚያ ሲከፈት እህቴ በነጭ ቬሎ ብቅ አለች። የእማዬን እልልታ ላወራው አልችልም።

አሁን ከብርድ ስገባ ዕቃውን ከነቦርሳው በባና ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ባናው በቀጥታ እንዳይነካው ግን ተጠንቀቁ። የበግ ጸጉሩ ይበናል፤ ዲስኩ የሚገባበት ውስጥ ይገባል።

የሰርጉ ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው አዳራሽ ሊገቡ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ዝም። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን «ወይኔ! ሳይገቡ?» አለች። ሃያ ምናምን ሰው ሙሽሮቹን በር ላይ ጥሎ ወደየቤቱ ሄደ። እማዬ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ባሰብኝ።

የአምስቱን ሰዓት ነገር ደብረ ብርሃን ተመልሼ ነው ያሰላሁት። ባትሪው ላይ 7.4 ቮልት፣ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። ሚሊውን ወደ አምፔር ስትቀይሩት 2 ነው። 7.4 ሲባዛ በ2፣ ወደ 15 ዋት ሰዓት ይመጣል። ዕቃው ሲጫወት ደግሞ ወደ 7 ዋት ይበላል። 15ን ለ7 አካፍሉ፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን። ይሄን ሂሳብ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይሠሩታል። እኔ ሱቅ ውስጥ አልሠራሁትም። ብርዱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። በውርጭ ሌሊት የቀዘቀዘውን ሳይሞቅ ቻርጅ ማድረግም ይጎዳዋል።

መፍትሔው የተገኘው እማዬ ጣሪያ ላይ ነው። ለአምፖልና ለስልክ የገዛሁላት ትንሽ ሶላር ነበራት፣ ባትሪው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት። እሱ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ስለሚያበላሸው፣ ከአራት ሰዓት በላይ ያጫውታል። ግን ሽቦውን ዝም ብሎ ዲቪዲው ላይ መሰካት አይቻልም። የእኔ ዕቃ የሚፈልገው 9 ቮልት ነው፤ ሶላር ባትሪ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲሞላ ከ14 ቮልት ያልፋል። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የሶላር ባለሙያ የመኪና መለኮሻ ሶኬት ከነፊውዙ አበጀልኝ። ሶኬቱ ከባትሪው ጋር ይታሰራል፤ አዲሱ የመኪና ቻርጀር እሱ ላይ ይሰካል፤ ወደ 9 የሚያወርደው ቻርጀሩ ነው። ፕላስና ማይነሱን በቀይና በጥቁር ፕላስተር ለየሁት።

ለጥምቀት ተመለስኩ። ሙሽሮቹ አዳራሽ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ያስቸገረኝ የዲስክ ነገር ነው። እህቴ ለልጆቼ ከሱቅ የገዛችውን የካርቱን ዲቪዲ ከሰርጉ ጋር ልካ ነበር፤ ዕቃዬ አላነብም አለ። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በስድስት ክልል ከፋፍለውታል። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው፤ እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር 5 ነን። የዲስኩ ሽፋን ላይ ትንሽ የሉል ምልክት ውስጥ ቁጥሩ አለ። ካሜራ ባለሙያ የሚሠራው የሰርግ ዲቪዲ ግን ክልል አይደረግበትም፤ ለዚህ ነው ሰርጉ የሠራው። ስትገዙ ሁሉንም ክልል የሚያነብ መሆኑን ጠይቁ። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ ይሄን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል።

የወንድሜ ልጅ ክርስትና ጊዜ ደግሞ ቀራጩ ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጠን። ፍላሽ መሰኪያው ስላለ ይሠራል ብዬ መንዝ ድረስ ወሰድኩት። አልሠራም። መሰኪያ አለ ማለት ሁሉን ያነባል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አቪአይና ኤምፔግ የሚባሉትን የቪዲዮ ፋይል ዓይነቶች ያነባሉ፤ የዛሬ ስልክና ካሜራ የሚያወጣውን ኤምፒፎር ግን የማያነቡ አሉ። ፍላሹም ፋት 32 በሚባለው መንገድ ፎርማት መደረግ አለበት፤ በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። የፋይሉን ስም በአማርኛ ብትጽፉት ስክሪኑ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ቁጥር ስጡት። እኔ በመጨረሻ ወደ ቀራጩ ተመልሼ «በፍላሽ አልፈልግም፣ በዲቪዲ ፎርማት አቃጥልልኝ» አልኩት።

ጽዳት ላይ አጎቴን አልሰማኋቸውም። ሌንሱ ጭስ ጠጥቶ መቆራረጥ ሲጀምር «በአረቄ ጥረገው፣ ምን የማይጠርገው አለ» አሉኝ። አረቄ ውሃም ሌላም ነገር አለበት፤ ሲደርቅ ፊልም ይተዋል። ንጹህ አልኮል ከፋርማሲ ይገዛል፤ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነካ አድርጎ፣ ዕቃው ጠፍቶ፣ ሳይጫኑ መጥረግ ነው። ዲስኩን ደግሞ ሁላችንም በቀሚስ ጫፍ ክብ ክብ አድርገን ነው የምናብሰው። ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ነው። ዙሪያውን የሚሄድ ጭረት ሌዘሩ የሚከተለውን መስመር ይዞ ስለሚሄድ ለማንበብ ያስቸግረዋል፤ ቀጥ ያለውን ግን ቶሎ ያቋርጠዋል። ቪሲዲ ላይ ጽሑፍ ያለበትን ፊቱን ጠብቁት። መረጃው ያለው ከዚያ ስር ነው፤ እሱ ከተላጠ አይመለስም።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የዲስኮቹ ኤንቨሎፕ ላይ ሥዕል ሣልኩላት፦ መስቀል ለመዝሙር፣ ቀለበት ለሰርግ፣ ማሰሮ ለክርስትናው። ዲስኩ ላይ ወረቀት አልለጥፍም፤ ሲዞር ሚዛኑን ያዛባዋል። ሪሞቱን ደበቅኩት። ዕቃው ላይ ካሉት ቁልፎች ማጫወቻና ማቆሚያው ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹን በፕላስተር ሸፈንኩ። ስክሪኑን ማሽከርከር ለልጆች ተከልክሏል። አንገቱ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰ ምስል የለም፤ አንዴ የአጎቴ የልጅ ልጅ እንደ ወፍጮ ሲያዞረው ደርሼ ነው ያስጣልኩት።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «ካሴቱ ደህና ነው» አለች፤ ለእሷ ሁሉም ካሴት ነው። «ግን እቴ፣ ያቺ ቀለበት ያለባት ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ትንቀጠቀጣለች።»

«የት ላይ እማዬ?»

«አዳራሹ በር ላይ።»

ዋናውን ዲስክ አስቀምጬ ኮፒውን መስጠት ነበረብኝ። የእህቴ ዋናው እዚያ መንዝ ነው ያለው፤ የፊታችን ቅዳሜ ሄጄ አምጥቼ፣ እስኪነበብ ድረስ አጽድቼ፣ ሁለት ኮፒ ላሠራ ነው።