ሁሉም ኔጌቲቭ ነው

ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዕለቱ ሰኞ ነው። ሰኞ የእርግዝና ክትትል ክፍላችን መተንፈሻ የለውም። በር ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ፣ የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

አንዲት ልጅ እግር የላብራቶሪ ወረቀቷን ይዛ ገባች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ውጤቱን ወደ ካርዷ ገለበጥኩት። ኤች አይ ቪ ኔጌቲቭ። ቂጥኝ ኔጌቲቭ። የጉበት ቫይረስ ኔጌቲቭ። የደም ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ።

«እንዴት ነው ሲስተር?» አለችኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች።

«ሁሉም ኔጌቲቭ ነው፣ አይዞሽ» አልኳት።

«ተመስገን!» ብላ ካርዷን ሳመችው። ስለ ደም ዓይነቷ በሚቀጥለው ቀጠሮ ረጋ ብዬ አስረዳታለሁ ብዬ ቀጣይዋን ጠራሁ። በቀጠሮዋ አልመጣችም። እናቷ ቤት ልትወልድ አገሯ ሄዳ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ሁለተኛዋን አርግዛለች። ትልቁ ልጇ የጋውኔን ጫፍ እየጎተተ ይስቃል። ካርዷን ሳወጣ የገዛ እጅ ጽሑፌን አየሁት። ኦ ኔጌቲቭ። ሆዴ ባባ።

«መጀመሪያ ስትወልጂ መርፌ ተወግተሻል?»

«የምን መርፌ?»

«የደም ዓይነትሽን አልጠየቁሽም?»

«ካርድ አልያዝኩም ነበር። ተመርምረሻል ወይ ሲሉኝ፣ አዎ፣ ሁሉም ኔጌቲቭ ነው አልኳቸው። አንቺ እንዳልሽኝ።»

ያዋለደቻት ባለሙያ ስለ ኤች አይ ቪ የነገረቻት መስሏት አልፋዋለች። አልፈርድባትም። ቃሉን ሰጥቼ የላክኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርመራ ላይ ኔጌቲቭ ማለት «የፈለግነው ነገር አልተገኘም» ማለት ብቻ ነው። የፈለግነው ቫይረስ ከሆነ አለመገኘቱ ደስታ ነው። ልጅ ስትመኝ ዓመታት የቆየች ሴት ግን የእርግዝና ምርመራዋ ኔጌቲቭ ሲሆን አልቅሳ ነው የምትወጣው። እኛ አገር ቃሉ ቤት ለቤት የገባው በኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ ሲባል ሰው የሚሰማው «ነፃ ነሽ» የሚለውን ነው። የደም ዓይነት ላይ ግን ኔጌቲቭ የሚባለው ቀይ የደም ሴሉ ላይ አር ኤች የተባለው ፕሮቲን ስለሌለ ነው። በሽታም አይደለም፣ የምሥራችም አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው እናት ኔጌቲቭ ሆና ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ ነው። በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናትየው ይገባል። ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ያመርትበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፣ እሱ ተወልዶ ወጥቷልና። አንቲቦዲው ግን እዚያው ይቆያል። ቀጣዩ ፅንስ ሲመጣ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የልጁን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲብስም ሆድ ውስጥ ይሞታል።

ይህን የሚከላከል መርፌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል። ከወሊድ በኋላም የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ፅንስ ሲወርድም መርፌው ሊያስፈልግ ይችላል። አንቲቦዲው አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ግን አይረዳም።

ይህን ሁሉ ተማሪ እያለሁ በቃሌ እወጣው ነበር። ተመራማሪዎቹ ላንድስታይነርና ዊነር አር ኤችን እ.ኤ.አ. በ1940 ማሳወቃቸውን፣ ሁለቱ ፊደላት ሬሰስ ከምትባለው ጦጣ ስም መምጣታቸውን ሁሉ። ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ካርዷን ስማ ለወጣች ልጅ እንዴት እንደሚነገር ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

አንቲቦዲው ደሟ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን፣ ኩምብስ የሚባለውን ምርመራ እንድታሠራ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። በማግስቱ ስትመለስ ፊቷ በርበሬ መስሏል። ባሏና አማቷ ውጭ ቆመዋል። በሩን ዘጋችው። ወረቀቱን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። አራት ቦታ አጣጥፋ ደብቃዋለች።

«ፖዘቲቭ ይላል ሲስተር። ለማንም አላሳየሁም። ልጄንስ አስይዤው ይሆን?»

ሌሊቱን ሙሉ ኤች አይ ቪ መስሏት አድራለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደዚያ እንዳልሆነ ነገርኳት። ለቅሶዋ ቶሎ አልቆመም። ሁለት ዓመት ሙሉ ኔጌቲቭ ብዬ ያስደሰትኳት ነገር ሊያሳስባት የሚገባ ነበር፣ አሁን ደግሞ ፖዘቲቭ ያስለቀሳት ነገር እሷ የፈራችው አይደለም። ቃሉ ሁለት ጊዜ በተቃራኒ አሳስቷታል።

ፈቃዷን ጠይቄ ባሏንና አማቷን አስገባኋቸው። የደሟ ዓይነት፣ ፕሮቲን፣ አንቲቦዲ እያልኩ ጀመርኩ። አማቷ እስከ መጨረሻው አላስጨረሱኝም።

«ሾተላይ ነው በይኛ ልጄ!»

«አዎ እማማ፣ ሾተላይ ነው።»

«ታዲያ ያኔ እንዲህ ብላችሁ ብትነግሯት ምን ነበረበት? ሾተላይ የሚባል ቃል ሰምተን እኛ ዝም ብለን እንቀመጣለን?»

መልስ አልነበረኝም። ሾተላይን አውቀዋለሁ። አያቴ ከእናት ሆድ ልጅ የሚበላ መንፈስ ነው ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለሙያዬ የሚመጥን ቃል ስላልመሰለኝ ትቼው ነበር። መንፈስ አለመሆኑን ማስረዳት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ግን አልሰጠኋትም።

ሪፈር ተብላ ከፍ ያለ ሆስፒታል ክትትል ጀመረች። ልጁ ከቀኑ ቀድሞ ተወለደ። ቅዳሜ ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃኑ ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝቷል፣ ዓይኖቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ቢጫው ከፊቱ አልፎ ውስጥ እግሩ ድረስ ወርዷል። ደሙ ተቀየረለት። እናቱ መስታወቱ ላይ መዳፏን አድርጋ ቆማ ነበር። እኔን ስታይ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ልጁ ተርፏል፤ ዛሬ ተማሪ ቤት ይሄዳል። ሐኪሞቹ ግን ሌላ እርግዝና ከመጣ ከዚህ የከፋ ሊሆን እንደሚችል ነግረዋታል። አምስት ልጅ እወልዳለሁ ትል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኔጌቲቭ የሚለውን ቃል ብቻውን ከአፌ አላወጣም። «ኤች አይ ቪ የለብሽም»፣ «ቂጥኝ የለብሽም» እያልኩ አንድ በአንድ እናገራለሁ። የደም ዓይነቱን ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የሾተላይ መርፌ» ብዬ እጽፋለሁ። ሌላው ቃልም ጆሮዬ ውስጥ ተቀይሯል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የምትለኝን ሴት የቱ ጋ እንደሆነ በእጇ እንድታሳየኝ እጠይቃታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እጇ የሚያርፈው ጨጓራዋ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደም ዓይነቷ ኤ ኔጌቲቭ የሆነች ልጅ መጣች። አስረድቼ ስጨርስ «ቤት ስትገቢ ለባልሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«ከበሽታው ነፃ ነኝ እለዋለሁ። ደሜ ግን ሾተላይ ሊያመጣ ይችላል። አንተም ደምህን ተመርመር። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ሦስት ቀን ሳይሞላኝ እወጋለሁ።»

ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል ቆም አለች።

«መርፌው ስንት ነው ሲስተር? ከአሁኑ ላጠራቅም።»

ዋጋውን ነገርኳት። እስክሪብቶዬን ተቀብላኝ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈችው።