በበሩ ያለፈው ልጅ፦ የአዲስ ዓመት መልእክት

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ወዳጆቼ፣ ቪዲዮዎቼን የምትከታተሉ፣ ሳልጠይቃችሁ ሼር የምታደርጉልኝ፣ በአካል ሳንተዋወቅ የምታበረታቱኝ ሁሉ፤ ዓመቱ የጤናና የሥራ ይሁንላችሁ።

በየበዓሉ ሁለት መስመር መልካም ምኞት ጽፌ ነበር የማልፈው። ዘንድሮ ግን ረዘም አድርጌ ልጽፍላችሁ ፈለግኩ። ምክንያቱ አንድ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ያሉበት። እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ቪዲዮው እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት 3 ዓመት ሙሉ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እሳቸውን የቀረጽኳቸው በስልኬ ነው። ትራይፖድ አልነበረኝም። ስልኩን በሁለት የጨርቅ ጥቅሎች መካከል አስደግፌ አቆምኩት። ማይክም አልነበረኝም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግን ግሩም ነበር። በአንድ ጎን ፊታቸው ላይ ያርፋል፣ የስፌት መኪናቸው መንኮራኩር ላይ ይጫወታል። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ቆየሁ። እየሰፉ ስለ ሥራቸው ያወሩኛል፤ እኔም እቀርጻለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስሰማው አንጀቴ ቁርጥ አለ። የስፌት መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ንግግራቸውን ይውጠዋል። የመንገዱ ጫጫታ አለ። በዚያ ላይ በጣም የምወደው ንግግራቸው መሃል አንድ ወጣት ከኋላቸው በበሩ ገብቶ፣ ከመደርደሪያው ላይ የሆነ ነገር አንስቶ ይወጣል። 4 ሴኮንድ ያህል። "በቃ፣ ተበላሸ" አልኩ። ማይክ ስገዛ እንደገና እቀርጻቸዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።

"ሲሞላልኝ" የምንላት ነገር እንዲህ ነው የምትጀምረው። ማይኩ ሲገዛ መብራት ይጎድላል። መብራቱ ሲገኝ ጊዜ ይጠፋል።

እሳቸው ግን አልረሱም። በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ ያ ነገር የት ደረሰ?" ይሉኛል። "ደርሷል ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው" እላለሁ። እየቆየ ሲሄድ መንገድ መቀየር ጀመርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል።

ባለፈው ዓመት፣ በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሃርድ ዲስኬ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ እንቅልፍ ይነሳል። ያለኝን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያዝኩ። በዚያው የልብስ ሰፊውን ፋይል ከፈትኩት። ሊጠፋ እንደሚችል ሳስብ ነው መሰለኝ፣ በሌላ ዓይን አየሁት። በ3 ሌሊት ኤዲት አድርጌ ጨረስኩት። ያቺን 4 ሴኮንድ ቆርጬ ልጥላት ነበር፤ ንግግራቸውም አብሮ ስለሚቆረጥ ብቻ ተውኳት።

በዋዜማው ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። መኪናውን አቆሙ። መነጽራቸውን ጠራረጉ። ትንፍሽ ሳይሉ አዩት። ሲያልቅ ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም። ስለ ድምፁም አልጠየቁም። "እስቲ ወደ ኋላ መልሺው" አሉኝ። መለስኩት። "እዚያ ጋ። በበሩ ሲገባ።" ያ ወጣት ልጃቸው ነው። እኔ ከቀረጽኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ አልተመለሰም። ፎቶዎች አሏቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ በር፣ እንደ ድሮው ገባ ወጣ ሲል የሚያሳይ ግን ሌላ ምንም የላቸውም። ስንት ጊዜ መልሼ እንዳሳየኋቸው አልቆጠርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአነስተኛ በጀት ስለ መሥራት ያለኝ ሐሳብ ተለውጧል። ድሮ የጎደለኝን ነበር የምቆጥረው። አሁን የተበደርኩትን ነው የምቆጥረው። በባዶ ኪስ የተሠራ ቪዲዮ "በነፃ ተሠራ" እንላለን። እውነት አይደለም። ሁለት ከሰዓት የሰጡኝ ሰው አሉ። እሑዳቸውን የሰጡኝ ጓደኞቼ አሉ፤ አንዷ መብራት ይዛ ቆማ ክንዷ ዝሎ እንኳ አላጉረመረመችም። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አልተቀበሉም። የሚጠብቁት ሥራው አልቆ ማየት ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የተኛ ቪዲዮ እንግዲህ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። እኔ 3 ዓመት ዕዳ ይዤ ነበር የምሄደው።

ስለዚያች 4 ሴኮንድ ሳስብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ከሲኒማ ጀማሪዎች መካከል የሆኑት ፈረንሳዊዎቹ የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ፣ በአንድ ካፌ ምድር ቤት፣ ለሕዝብ በክፍያ ፊልም አሳዩ። 10 ፊልሞች ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። በአንደኛው ላይ አባትና እናት ከቤት ውጭ ጠረጴዛ ላይ ሕፃን ልጃቸውን ይመግባሉ። በጊዜው ሰውን ያስደነቀው ግን ከሕፃኗ ይልቅ ከኋላ በነፋስ የሚወዛወዘው ቅጠል ነበር ይባላል። ሰዉ የለመደው የቲያትር መድረክ ነው። እዚያ ዛፍ በጨርቅ ላይ ይሳላል፣ አይንቀሳቀስም። እዚህ ግን ቅጠሉ ማንም ሳያዘው ይንቀሳቀሳል። ካሜራ ከተፈለገው በላይ ይይዛል። ትልቅ ገንዘብ ያለው ሰው ከኋላ የሚያልፈውን ሁሉ ማስቆም ይችላል፤ መንገድ ያዘጋል፣ በር ያስጠብቃል። እኛ አንችልም። እኔ ደግሞ አሁን አልፈልግም።

እንዲህ ስል ድምፅ አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለኝም። ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግርን ግን ትቶት ይሄዳል። የሚያናድደኝ መፍትሔው በእጄ የነበረ መሆኑ ነው። ያኔ አላወቅኩም እንጂ፣ ማይክ ለሌለው ሰው ሁለተኛ ስልክ መዋስ ይበቃዋል። ድምፅ መቅጃውን ከፍቶ ከተናጋሪው ደረት ጥቂት ስንዝር ርቀት ላይ፣ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ሲጀመር አንድ ጊዜ ጮክ አድርጎ ማጨብጨብ። ኤዲት ላይ ሁለቱ እጆች የተገናኙበትን ምስልና የጭብጨባውን ድምፅ ማገናኘት ነው፤ ከዚያ ሁሉም ይገጥማል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ከካሜራው ኋላ ይሰቀላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ደግሞ ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ 30 ሴኮንድ መቅረጽ። ዝምታም የየክፍሉ የራሱ ድምፅ አለው። ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በእሱ ነው። ባዶ ከተዋችሁት ጆሮ ወዲያው ይነቃል።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ሌላው ነገር የመብራት መርገብገብ ነው። ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር የሚወርደው ስልካችሁ ተበላሽቶ አይደለም። መብራቱ ከኤሌክትሪኩ ጋር አብሮ ስለሚርገበገብ ነው። ኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) በሆነበት አገር ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ላይ አድርጉት። 60 ሄርዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120። አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን በዚህም አይስተካከልም፤ ያን ጊዜ አጥፍታችሁት ወደ መስኮት ተጠጉ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግም አትርሱ። አንድ ሰው እያለቀሰ ሲያወራኝ ስልኬ ጠርቶ ያውቃል። ያ ሰው ሁለተኛ ወደዚያ ስሜት አልተመለሰም፤ እኔም እንዲመለስ አልጠየቅኩትም።

ገንዘብ በሌለበት ቦታ ዝግጅት ይገባል። የፊልም ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን የሠራው ሳምንቱን ሥራ ላይ ከሚውሉ ጓደኞቹ ጋር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶ ነው። የሚቀርጹበት የፊልም ጥቅል ውድ ስለነበር እንደ ቲያትር ደጋግመው ይለማመዱ ነበር፤ አንዱን ትዕይንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ለመቅረጽ። እኛ ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ገደብ መቅረጽ እንችላለን። ለዚህም ነው ሳንዘጋጅ የምንሄደው። እኔ አሁን ጓደኞቼን ከመጥራቴ በፊት ቦታው ላይ ብቻዬን ሄጄ እቀመጣለሁ። ብርሃኑ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ጎረቤት መቼ እንደሚጮህ አያለሁ። የሰው እሑድ በእኔ ግራ መጋባት ማለቅ የለበትም።

ስለ ማሳየት ደግሞ ልናገር። ቪዲዮው በተለቀቀ በመጀመሪያው ሳምንት ያየው 61 ሰው ነበር። ቁጥሩን ሳይ ትንሽ ቅር አለኝ፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ ያ የፓሪስ ምድር ቤት ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ከፍለው የገቡት ከ40 ሰው አይበልጡም ነበር። ዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያ ሆኖ የተጫነው ቪዲዮም፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2005 የወጣው፣ 19 ሴኮንድ ብቻ ነው። አንድ ወጣት ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ያወራል።

ከ61ዱ አንዷ ጻፈችልኝ። የመስማት ችግር አለባት። "ሰውየው ምን እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ጽሑፍ ጨምሪበት" አለችኝ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ቃል በቃል ጻፍኩ። ስጽፍ ራሴም ያልሰማሁትን ሰማሁ። መኪናው የዋጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሃያ ጊዜ ደጋግሜ አወጣሁት። "ክር ሲበጠስ መኪናውን አትቆጣው" ብለው ለልጃቸው የነገሩትን ነበር የሚያወሩት። ይቺ ተመልካች ባትጽፍልኝ ያ ዓረፍተ ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር። ስለዚህ አሁን ያለ ጽሑፍ ምንም አልለቅም። በዚህ አጋጣሚ ላመሰግናት እፈልጋለሁ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 "ሳንኮፋ"ን ሠርተው ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አልቀበልም አሏቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው፣ ከከተማ ከተማ ፊልማቸውን ይዘው እየዞሩ አሳዩ። ሰዉ መጣ። ይህን ታሪክ ሳስብ የእኔ 3 ዓመት ያሳፍረኛል። እሳቸው በር ተዘግቶባቸው ሌላ በር ፈለጉ። እኔ በሩን ራሴ ነበር የዘጋሁት። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም ይላሉ አባቶች፤ እኔ ያለኝን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር።

ለራሴ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። ቪዲዮው ውስጥ ያለ ሰው ከማንም በፊት ያየዋል። አጠገቤ ቁጭ ብሎ። "ይቺን አውጪልኝ" ካለ ትወጣለች፤ አልከራከርም። ካየ በኋላ የራሱን ቅጂ ይወስዳል። ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ በዚህ ዓመት 7 አጫጭር ቪዲዮዎች ለቅቄያለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት 4 ዓመታት የለቀቅኩት 3 ነው። መሣሪያዬ ያው ስልኩ ነው። አንዲት በልብስ ላይ የምትሰካ ማይክ ብቻ ጨምሬያለሁ።

እናንተም ያልጨረሳችሁት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለምትጽፉልኝ። የእናቱን ድምፅ ቀርጾ ያስቀመጠ አለ። የጓደኞቹን የምረቃ ቀን ቀርጾ ሙዚቃ ስላላገኘለት የተወው አለ። የበዓሉ ቀናት ጥቂት ፋታ ይሰጣሉና ፋይሉን ክፈቱት። ሌላ ዲስክ ላይም ገልብጡት፤ የእኔ ዲስክ ጠቅ ጠቅ ካለ በኋላ የቆየው 9 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቢያንስ ቀረጻው ውስጥ ላለው ሰው አሳዩት።

ልብስ ሰፊው ጋሼ ያን ቀን ልወጣ ስል ጠሩኝና "ሌላው ይቆይ፤ ያቺን ልጄ የገባባትን ብቻ ቆርጠሽ ስልኬ ላይ ጫኚልኝ" አሉኝ። ጫንኩላቸው። ሰሞኑን ሳገኛቸው ስልካቸው ተበላሽቶ ሌላ መግዛታቸውን ነገሩኝ። አዲሱ ስልክ ላይ ቪዲዮዋ የለችም። ነገ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣባቸው፣ ገመዴን ይዤ እሄዳለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት።