ሮም ውስጥ የገል ተራራ ወጣሁ

ሮም ድረስ ሄዶ የቆሻሻ ክምር ለማየት ቀጠሮ የሚያስይዝ ቱሪስት ብዙ አይመስለኝም። እኔ ግን አስያዝኩ። ሰው ኮሎሲየም በር ላይ ፀሐይ ሲመታው እኔ ፒራሚዴ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ወርጄ ወደ ቴስታቾ ሰፈር በእግሬ አዘገምኩ።

ሞንቴ ቴስታቾ ከሩቅ ሲያዩት ሣር የለበሰ ተራ ጉብታ ነው። ከፍታው 35 ሜትር ገደማ፣ ዙሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠጋ ሲሉት ግን ከሥር እስከ ጫፍ ገል ነው። የሸክላ ስባሪ። አምፎራ የሚባሉት የሮማውያን እንስራዎች ስባሪ፤ እንስራዎቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ወደ ላይ ስንወጣ ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል።

አብዛኛው ከደቡብ ስፔን የወይራ ዘይት የመጣበት ነው። አንዱ እንስራ 70 ሊትር ያህል ይይዛል። ባዶውን ብቻ 30 ኪሎ ይመዝናል። ሞልቶ በመርከብ መጥቶ፣ በቲቤር ወንዝ ሽቅብ ተጎትቶ፣ እዚሁ አጠገብ ከነበረው ወደብ ይራገፋል። ዘይቱ ለወጥ ብቻ አልነበረም፤ ኩራዝም የሚበራው፣ መታጠቢያ ቤት ገላ የሚቀባውም በእሱ ነው። የሊቢያ ተወላጁ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ጭራሽ ለከተማው ሕዝብ ዘይት በነፃ እንዲታደል አድርጓል። ከስባሪው መሃል የሊቢያና የቱኒዚያ እንስራም አለ።

ታዲያ ለምን ተጣለ? ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ይበላሻል፣ ይሸታል። ሌላውን ገል ፈጭተው ከኖራ ጋር ለግንባታ ያቦኩት ነበር፤ ዘይት የጠጣው ግን ለዚያም አይሆንም። ስለዚህ ሰባብረው በሥርዓት ደረደሩት። እንዳይሸት ኖራ ነሰነሱበት። የመንግሥት ቆሻሻ መጣያ ማለት ይኼ ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሠርቷል።

አስጎብኚያችን አንድ የእንስራ ጆሮ አንስታ አስያዘችኝ። እንደ ሕፃን ክንድ ይወፍራል። ሸክላው ሳይደርቅ የተመታበት ማኅተም አሁንም ይነበባል። ሌሎቹ ላይ ደግሞ በብዕር የተጻፈ አለ፦ የባዶው ክብደት፣ የዘይቱ ክብደት፣ የነጋዴው ስም፣ አንዳንዴም ዓመቱ። ሄይንሪሽ ድሬሰል የሚባል ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ እነዚህን ጽሑፎች አንድ በአንድ መልቀም ባይጀምር ኖሮ ኮረብታው ኮረብታ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔን ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ይልቅ የሳበኝ ይኼ ነው። ንጉሥ ድንጋይ ላይ የሚያስጽፈው ስለ ራሱ ነው፣ ጉራም አያጣውም። የቀረጥ ሠራተኛ ግን ኪሎ ነው የሚጽፈው።

ምሳ የበላሁት ኮረብታው ሥር ተቆፍረው ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ነው። የጀርባው ግድግዳ በመስታወት ተሸፍኗል፤ ከመስታወቱ ኋላ ገሉ ተደርድሮ ይታያል። አየር ስለሚያሳልፍ ጓዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ለዘመናት ወይን ሲያስቀምጡበት ኖረዋል። የሰፈሩ ምግብ ጨጓራና የበሬ ጅራት ነው። ቄራው ድሮ እዚያው ነበራ። ጨጓራውን በቲማቲም ይሠሩታል፤ ሚጥሚጣ ቢኖር እንዴት በሆነ!

በማግስቱ በባቡር ኦስቲያ አንቲካ ሄድኩ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የጥንቷ ሮም የወደብ ከተማ ናት። እዚያ ያሉት ሌላ ዓይነት ናቸው፦ ዶሊየም የሚባሉ ትልልቅ ጋኖች፣ እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ የተቀበሩ። አንዱ ግቢ ውስጥ ከሠላሳ በላይ አሉ። አንዱ ጋን አንድ ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ልኩም አፉ አካባቢ በሮማውያን ቁጥር ተቀርጿል። መቅበራቸው ውስጡ ያለው እንዳይሞቅ ነው።

አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስንጥቁ በእርሳስ ተሰፍቷል። ቦይ ቦይ አውጥተው፣ ልክ ልብስ እንደሚጣፍ፣ እርሳስ አቅልጠው አፍስሰውበታል። ለካ ያንን ሁሉ እንስራ የሚሰባብር ሰው ጋኑን አይጥልም። ጋን ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል፤ ያለ ብዙ ሰው ጉልበትም ከጉድጓዱ አይወጣም።

ተራው እንስራም ቢሆን ዘይት ካልነካው ሥራ አያጣም። ከኦስቲያ አለፍ ብሎ ባለው የኢሶላ ሳክራ መቃብር የድሃው መቃብር ምልክት እንስራ ነው፤ አንገቱ ከመሬት ብቅ ይላል፣ ዘመድ ለሟቹ ወይን የሚያፈስሰው በዚያ ነው። ወደ እኛም አገር መጥቷል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የነጋዴዎች የባሕር መመሪያ፣ በአክሱም መንግሥት ወደብ በአዱሊስ ከሚራገፈው ውስጥ የጣሊያን ወይንና የወይራ ዘይት ይጠቅሳል። ሁለቱም ብዙ አይደሉም ይላል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ ቴስታቾ ያለ ቀጠሮ አይከፈትም፣ ኦስቲያ ሰኞ ዝግ ነው። ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ ጥላ ብዙ የለም።