ሞተሩን ያጠፋው ጀልበኛ

«ወንድሜ፣ እግርህን አታንፈራግጥ፤ ዝም ብለህ ተንሳፈፍ» አለኝ ጀልበኛው። አማርኛውን የለመደው ከከባድ መኪና ሹፌሮቻችን ነው። ሞተሩን ካጠፋ ቆይቷል። ያለነው ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ።

ዘልዬ ገባሁ (እውነት ለመናገር ተገፍቼ ነው)። ውሃው በፕላንክተን (በውሃ ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ደፍርሶ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ከሥሬ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ዌል ሻርክ፣ ያ ግዙፍ ዓሣ! አራት ሜትር ቢሆን ነው። ሻርክ ይባል እንጂ ለሰው ደንታ የለውም፤ ትልቁን አፉን ከፍቶ ውሃ እያጣራ አለፈኝ። የጀርባው ክንፍ ላይ ሦስት ጠባሳ አየሁ። ትይዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ።

ጀልባው ላይ ወጥቼ «ምን ነክሶት ነው?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ በጣቱ የራሱን ሞተር ፕሮፔለር፣ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ምላጭ፣ አሳየኝ።

ዌል ሻርኮቹ እዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ነው የሚበዙት፤ አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። እኛ ይህን ውሃ የምናውቀው በወደብና በኮንቴይነር ነው። ታሪክ የሚወድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 ገጣሚው አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ መነሳቱን ያስታውሳል። ወደ ባሕረ ሰላጤው ምዕራብ ጫፍ፣ ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቷል፤ መሬቱ ዛሬም እየተሰነጠቀ ነው። ስለ ዓሣው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ስንመለስ ጀልበኛው ሞተሩን ያስነሳው በመቅዘፊያ ብዙ ካራቀን በኋላ ነው። ቸኩዬ ነበር፤ ግን ምንም አላልኩም።