«አሁን እኮ የኛ ክረምት ነው»

ለፋሲካ እህቴ ከውጭ መጣች። «ሐመርን አሳየኝ» አለች። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ዝናብ በሰኔ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሚያዝያ ላይ የበልግ ካፊያ ካልሆነ ምን አለ?

ከመነሳቴ በፊት ሁለት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ የጉዞ ወኪል ነው። «የ13 ወር ጸጋ አገር አይደል እንዴ! ዓመቱን ሙሉ ይኬዳል» አለኝ። ሁለተኛው ሹፌራችን፣ የአርባ ምንጭ ልጅ። በስልክ «ጋሼ፣ አሁን እኮ የኛ ክረምት ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ዋጋ ሊያስጨምር መስሎኝ ነበር። ይሄን ሳስብ ዛሬም ፊቴን ይለበልበኛል።

መኪና ተከራየን፣ አርባ ምንጭ አደርን፣ በኮንሶ በኩል በማግስቱ የሐመሮቹ ከተማ ቱርሚ ገባን። ሰኞ ገበያውን አየን። እስከዚህ የሚወራ ነገር የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ከቱርሚ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ሄድን። መሐል ላይ አንድ ወንዝ አለ። ወንዝ ካላችሁት ነው እንግዲህ፤ ነጭ አሸዋ ብቻ። ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው በቅል ውኃ ይቀዱ ነበር። እህቴ «ይሄ ነው ወንዙ?» ብላ ፎቶ አነሳች። ተሻገርን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሹፌሩ ወደ ሰሜን እያየ «እንሂድ» አለ። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው፣ ጠብታ የለም። ከሩቅ ተራሮቹ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። አንድ ሽማግሌ የቡና ገለባ አፍልተው በቅል ሰጥተውን ነበርና «ጠጥተን» አልኩ። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ «ጋሼ፣ ሰማዩን አይተውታል?» አለኝ። አይቼዋለሁ። «እዛ ነው እኮ የሚዘንበው» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ወንዙን ሳናየው ድምፁን ሰማነው። ጠዋት አሸዋ የነበረው ቡናማ ውኃ ሆኖ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔ ደግሞ አሁንም አልበቃኝም፤ «ጎማው ትልቅ ነው፣ እንሞክር» አልኩ። ምንም አልመለሰልኝም። ቁልፉን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠና «እርስዎ ይንዱት። እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። ቁልፉን መለስኩለት።

መኪና ውስጥ አደርን። መስኮት ሲከፈት ወባ ትንኝ፣ ሲዘጋ እንፋሎት። የትንኝ መከላከያ ቅባት አልያዝንም፤ ወኪሉ «ደረቅ ነው፣ አያስፈልግም» ብሎን። እህቴ አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻል ነበር።

ጠዋት ውኃው ጎደለ፤ እኛ ግን ቸኩለን ገባንና እርጥቡ አሸዋ መኪናውን እስከ አክስሉ ዋጠው። ሦስት ሰዓት ፈጀ። የሰፈሩ ጎረምሶች በአካፋና በቅርንጫፍ አወጡን። ዋጋ ሲጠሩ ተጨቃጨቅሁ። አሁን ሳስበው የጠየቁት ትንሽ ነው።

በመመለሻችን የጎብኚ ጉዳይ የሚመለከተው አንድ ቢሮ ገባሁ። «ለምን በዚህ ወር የሚመጣ ሰው አይነገረውም?» አልኩ። ሰውየው «በጋ እኮ ነው፤ እስከ ሰኔ ችግር የለም» አለኝ። ይሄን ሲለኝ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ ስለነበር ጮክ ብሎ ነው ያወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወደ ሰሜን ሲያልፍ ደቡቡን ያጠጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሸዋ፣ ጎጃምና ጎንደር ላይ ይሰፍራል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሲመለስ ደቡቡን ዳግም ያርሰዋል፤ ይሄኛው አጠር ይላል። ቦረናዎች ስም አላቸው፤ የመጀመሪያው «ገና» ነው (በዓሉ አይደለም)፣ ሁለተኛው «ሐጋያ»። እኛ የአዲስ አበባን ክረምት የአገር ሁሉ ክረምት አድርገን ይዘነዋል። የመሥሪያ ቤቶቹ ወረቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «ከጥቅምት እስከ ግንቦት ምርጥ ወቅት» ይልና አገሩን በሙሉ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የኔን ስሙ። ታችኛው ኦሞ፣ ማለትም ሐመርና ቱርሚ ያሉበት አገር፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ወይም፣ ማንም አይነግራችሁም እንጂ፣ ሐምሌና ነሐሴ። እኛ ጋ ጃንጥላ ሲገለበጥ እዛ አቧራ ነው። ሰሜን ተራሮችን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሂዱ፤ አደዩ ሳይረግፍ ብትደርሱ እሰየው። በሐምሌ ከሄዳችሁ ለጉም ነው የምትከፍሉት። ደናክል ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከዚያ በኋላ እየባሰ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ነው፣ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ጢስ ዐባይን መስከረም ላይ ካላያችሁ ባታዩት ይሻላል፤ በበጋ ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚሄድ የምታዩት ቋጥኝ ነው። ባሌ ደግሞ «በጋ ነው» ብላችሁ በቀላል ልብስ አትሂዱ። እዚያ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል።

አሸዋ ወንዝ ካለፋችሁ ደግሞ ከሰዓት በፊት ተመለሱ። በላያችሁ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ውኃው የሚመጣበትን ተራራ እዩ።

እህቴ ዘንድሮ በነሐሴ ትመጣለች፤ ቱርሚን በደንብ ሳላያት ቀረሁ ብላ። በዚያው ወኪል በኩል ልትይዝ ደወለች። «በነሐሴ? ክረምት ነው እኮ፣ መንገዱ አይኬድም» አላት። ስልኩን ዘጋችና ለሹፌሩ ደወለች።